ሪዙን ለልጄ የተላጨ ሊቀመንበር

ልጄን በቀበርን በማግስቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደሴ፣ ለቅሶ ከተቀመጥንበት ቤት ከተፍ አለ። ሊያስተዛዝነን አልነበረም። «የስፌት ቤትህን የዘጋኸው ጨርቅ ደብቀህ ነው!» አለኝ። «ልጄ ሞታብኝ ነው» ስለው «ቁልፉን አምጣ!» አለ። የስፌት ቤቴ ከግቢያችን በር ጎን ነው። ስንደርስ በበሩ ስንጥቅ ጭስ ይወጣል። ለካ ልጅህ ሞተች ብለው ሲጠሩኝ የከሰል ካውያዬን ጥጥ ላይ ጥዬ፣ በሩን ዘግቼ ሮጫለሁ። ያለችኝ አንዲት የስፌት መኪና እዚያ ውስጥ ናት። «ጓድ፣ ውሃ እስኪመጣ አይከፈት» አልኩት። «ማስረጃ ልታቃጥል!» ብሎ ቁልፉን ከእጄ ነጥቆ በሩን በረገደው። ነበልባል የለም፤ ጭስ ብቻ። አንገቱን አስግጎ «የታል እሳቱ?» አለ። አየር አጥቶ ታፍኖ የከረመው እሳት ነፋስ ሲገባለት ቦግ ብሎ ፊቱ ላይ ወጣ። በኮሌታው ጎትቼ አወጣሁትና በሩን በእግሬ መልሼ ዘጋሁት። እሳቱም ውሃ እስኪደርስ እንደገና ታፈነልኝ፤ መኪናዬ ተረፈች።

ሊቀመንበሩ ግን ሪዝም ቅንድብም አልተረፈውም። እኛ ዘንድ ሐዘን የጠናበት ፀጉሩን ይላጫል። ወደ ለቅሶው ቤት ስንመለስ አማቴ አይተውት «ይኸው! ለልጃችን ሪዙን የተላጨላት መንግሥት ብቻ ነው!» አሉ። ከቀብር ወዲህ ባለቤቴ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እሱም ከለቅሶ ቤት ተቆጥቶ አይወጣ ነገር፣ ዱዓ ከሚያደርጉት ሼኽ ጎን ተቀመጠና መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» አለ።