ሸምበቆው ዳር የተዘጋበት ወቅት

ዓሣ አጥማጁ ሽማግሌ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሄዱት ሴት ልጃቸውን ትምህርት አስጥለው ወደ ቤት ሊመልሷት ነበር። ልጅቱ የአካባቢ ጥናትና የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የሚባል የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀምራለች። ለሽማግሌው የስሙ ርዝመት ብቻ ያደክማቸዋል። ይህስ ባልከፋ፤ ነገር ግን እርሳቸው የሚመሩት የአጥማጆች ማኅበር፣ ዓሣ በሚራባበት ወቅት የሐይቁ ሸምበቆ ያለበት ዳር ይዘጋ የሚል ሐሳብ ከዩኒቨርሲቲው መውጣቱን ሰምቶ፣ «ጉሮሯችንን የምታንቀው የሊቀመንበሩ ልጅ ናት» እያለ ማጉረምረም ይዟል። ስብሰባው ደግሞ እሑድ ነው።

ፎቁ ውስጥ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖባቸው ሲንከራተቱ፣ ወረቀት የታቀፈ ጢማም ተማሪ አገኛቸው።

«ከሐይቁ ነው የመጡት አባት?»

«አዎ ልጄ።»

«እርስዎን ነበር የምንጠብቀው። ይግቡ፣ ይግቡ።»

ማን እንደሚጠብቃቸው ሳይገባቸው ክንዳቸውን ተይዘው ገቡና ፊት ለፊት ተቀመጡ። ለካ ክፍሉ የጋበዘው ሌላ ዓሣ አጥማጅ ኖሯል፤ ሰውዬው ቀርቷል።

ልጃቸው ቆማ እየተናገረች ነበር። አባቷን ስታይ ክው አለች፤ ቢሆንም ንግግሯን አላቋረጠችም።

«ሸምበቆው ዳር ሊዘጋ አይገባም» ትላለች። «ጀልባው ሞተር የሌለው አጥማጅ የሚደርሰው እዚያ ብቻ ነው። ቤት ሙሉ ሰው የሚያበላው ከዚያ በሚያገኘው ነው።»

የሽማግሌው ልብ ቅቤ ጠጣ። ስሟን ያለኃጢአቷ ነው ያጠፉት አሉ በሆዳቸው።

በዚህ መሐል መምህርቷ «መልካም፤ አሁን ጎራ ቀይሩ» አሉ። ልጅቱም ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ «ሸምበቆው ዳር መዘጋት አለበት» ብላ ጀመረች። እስካሁን ይዘጋ ሲል የነበረው ጢማሙ ተማሪ ደግሞ አይዘጋ ብሎ ይሟገታት ጀመር። ሽማግሌው አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ጢማሙን እያዩ ነገሩ ዞረባቸው።

«አባታችን፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉ መምህርቷ።

«እኔማ እመቤቴ፣ እናንተ ተስማምታችሁ ስትጨርሱ ብትጠሩኝ ይሻለኛል።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እርሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ሰው ግራ ሲገባው መጠየቅ ይችላል፤ አብዛኞቻችን ግን እንዳናፍር ብለን መቆጣቱ ይቀናናል። ሽማግሌውም ተቆጥተው ወጡ። ልጅቱ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ደረሰችባቸው።

«እዚህ የሚያስተምሯችሁ ሁለት ምላስ ነው እንዴ?» አሏት። «ያንቺ ሐሳብ የትኛው ነው?»

«ሁለተኛው ነው አባባ። ይዘጋ ነው የምለው።»

«የመጀመሪያውን ታዲያ ለምን ተናገርሽ?»

«ዳሩ ሲዘጋ ማን እንደሚጎዳ ሳላውቅ እንዳልፈርድ ነው። የሚራበውን ሰው ቦታ ይዤ ካልተሟገትኩ፣ ችግሩ አይታየኝም።»

ይህ ትንሽ አበረዳቸው፤ ግን አላሳመናቸውም።

«ሐይቁ ከአያቴ በፊት የነበረ ነው። እኛ አጥምደን እንጨርሰዋለን?»

«እናቴ ዓሣ ስትበልት ምን ትላለች አባባ?»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹ። «ማማረር ነዋ። ቢላው ሥጋ አላገኘም፣ እሾህ ብቻ ነው ትላለች። ድሮ ለአንድ ቤት አንድ ዓሣ ይበቃ ነበር።»

«የሸምበቆው ዳር ዓሣስ ሆዱ ሲቀደድ ምን ይወጣል?»

«በዚህ ወቅት እንቁላል ነው። ለአሞራ እንጥለዋለን።» ይህን እንዳሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «እርጉዝ ላም የሚያርድ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው።

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ። እኔ ብተወው ጎረቤቴ ያጠምደዋል።»

«ለዚያ ነው ማኅበሩ በአንድ ላይ የሚወስነው። ጥበቃውም ከአባላቱ ይሁን።»

«ሞተር የሌለው ምን ይብላ? ራስሽ ያነሳሽውን ራስሽ መልሺልኝ።»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «እሱ ላይ ነው የተያዝነው አባባ። አላውቅም።»

ሽማግሌው ከሁሉ በላይ ግራ የገባቸው እዚህ ላይ ነው። የተማረ ሰው አላውቅም ሲል ሰምተው አያውቁም። ነገር ግን ያ አላውቅም ማለቷ ከክርክሩ ሁሉ ይልቅ ወደ እርሷ አቀረባቸው።

«ሞተር ያለን ሰዎች» አሉ፣ «የሌላቸውን በጀልባችን አሳፍረን ወደ ጥልቁ ብንወጣ፣ የተገኘውንም ብንካፈልስ?»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ሊወስዷት እንደ መጡ አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

እሑድ ዕለት ማኅበሩ ቀውጢ ሆነ። ሽማግሌው ተነሥተው፣ «እኔም እንደናንተው ግራ ገብቶኛል። አንድ ወቅት እንሞክረው። ካልሆነ መልሰን እንከፍተዋለን፤ እስከዚያው ግን የእኔ ጀልባ ቦታ ላጣ ሁሉ ክፍት ናት» አሉ። ድምፅ ተሰጠ፤ በጠባብ ልዩነት አለፈ።

ወቅቱ ቀላል አልነበረም። አንዳንዱ በድብቅ መረብ ሲጥል ተያዘ። ሽማግሌውን ሰላም ማለት የተወም አልጠፋ። በቀጣዩ ዓመት ግን መረቡ የሚያወጣው ዓሣ ወፈረ፤ ነጋዴውም በዋጋ ሳይከራከር መግዛት ጀመረ። ሞተር የሌላቸውም በጋራ አንድ ሞተር ገዙ። ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነበር። ሐይቁን ቀድሞ የደረሰ የሚበላው ነገር አድርገው ያዩ የነበሩ ሰዎች፣ አብረው የሚጠብቁት የጋራ ንብረት መሆኑን አዩ።

ሽማግሌው ይህን ሊነግሯት ለልጃቸው ደወሉ። ነገሩን ሁሉ ሰምታ እንደገና አስደገመቻቸው።

«ምነው፣ አላመንሽም?»

«ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም አባባ። ይሠራል ብዬ እርግጠኛ አልነበርኩም።»

«ያኔ አግዳሚው ላይ ግን እንደዚያ አፌን አስይዘሽኝ ነበር?»

«ደብተሬ ላይ ያለው ጥናት የሌላ ሐይቅ ነበር። የኛ ሐይቅ ምን እንደሚል የምናውቀው ሞክረን ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ስልኩን እንደያዙ ሳቁ፤ ሳቃቸውም እስኪያስላቸው ድረስ ዘለቀ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሐይቁ ሰሜን ዳርም መዘጋት ያለበት ይመስላት እንደሆነ ጠየቋት።

«አላውቅም አባባ» አለች።

«በይ ነይና አብረን እንየው» አሏት።