ሮዝ ማልያ

ሄሎ እህቴ፣ ደህና አደርሽ? እኛስ ደህና ነን፣ ልብስ እያጠፍኩ ነው። ኧረ ብቻዬን ነኝ ማለት ይቻላል... ሶፋው ላይ ጋዜጣ የያዘ ሰው አለ፤ ግን አይሰማኝም፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ገጽ ላይ ነው።

ልጅሽስ? አሁንም በሯን ዘግታ ነው? ምን?! ጓንቷን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው? "ከእንግዲህ በረኛ አልሆንም" አለች? ውይ የኔ ሚስኪን! ለነገሩ አንድ ኳስ በእግር መሃል ማሳለፍ ቀላል ወንጀል ነው እንዴ? ደግነቱ አሰልጣኟ አዋቂ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን "አይዞሽ፣ ቀጥይ" ብሎ ያልፋት ነበር... ምን ልትማር ታዲያ? ይኼኛው ግን እዚያው ከሜዳ አወጣት፤ ደክሟት እንዳይሆን አዝኖላት ነዋ! ድምፅም እግዜር ሰጥቶታል፣ ይባረክ። "አንቺ ወንፊት!" ሲላት ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት ድረስ ተሰማ። ፀጉር አስተካካዩ ደንግጦ ምላጩን እንደያዘ ወጣ አሉ። እኔ መቼም ግልጽ ሰው ደስ ይለኛል።

ስህተት ካነሳን አይቀር... አምና አንድ ሰው፣ ስም አልጠራሁም፣ የቡድኑን ነጭ ማልያ በሙሉ እዚሁ በኔ ሳፋ ከራሱ ቀይ ቱታ ጋር ዘፍዝፎት አልነበር? ሁሉም ሮዝ ሆኖ አረፈው! ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የልደት ኬክ መስለው ተጫወቱ። ሜዳው በሳቅ ሲፈርስባቸው አንዲቷ እንኳ ጮኸችበት? ያንቺዋማ ጭራሽ የሷ የበረኛ ማልያ ተርፎላት እያለ፣ "አይዞህ ጋሼ፣ ያምርባቸዋል" አለችው። ምን ታድርግ፣ ልጅ ናት... ሰው እንዴት እንደሚታረም ገና አልገባትም።

እና እሁድ ጨዋታ አለ፣ ሌላ በረኛ የላቸውም አሉኝ። ታዲያ ምን ያስጨንቃል? ስህተት የማያውቅ ሰው እያላቸው! ራሱ ይቁማ። አንቺ ቤት መጥቶ "ይቅርታ ልጄ" ለማለትማ ከሶፋው ተነስቶ ሁለት በር ማለፍ ነው... ይደክመዋል፣ ተይው። ትልቅ ሰው እግሩን ለኳስ ነው የሚቆጥበው።

ኧረ አልተቆጣሁም! ምን በወጣኝ? እንዲያውም ልመርቀው። ዕድሜ ይስጠው። ጧሪ አያሳጣው። አርጅቶ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሾርባው ደረቱ ላይ ሲፈስ፣ እነዚያው ያሰለጠናቸው ልጆች ከበው ይጡሩት... ልክ እሱ ባሳያቸው ትዕግሥት።

አሜን በይ እንጂ!