ለጳጳሱ የሚሰጠው መልስ

(ሰሜን ጣሊያን፣ ተራራ ላይ ያለች ትንሽ መንደር፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በቁምስናው (በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑ) ቤት ማድቤት ውስጥ። የከምባታው ተወላጅ አባ ማትዮስ የመንደሪቱ የካቶሊክ ቄስ ነው፤ ሽማግሌው አባ ኤልቪዮ ደግሞ እዚሁ መንደር ተወልዶ ዕድሜውን ከምባታ ውስጥ በቅስና የፈጀ ጣሊያናዊ። ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩት በአማርኛ ነው።)

አባ ኤልቪዮ፦ ደወልክ ወይስ አልደወልክም?

አባ ማትዮስ፦ ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ አባ። ይጠጡ።

አባ ኤልቪዮ፦ ሾርባውን ተወው። ጳጳስህ እስከ ዛሬ ማታ መልስ ስጠኝ ብለውሃል። እዚያ አሁን ሊመሽ ነው።

አባ ማትዮስ፦ ማታም ስልክ ያነሣሉ።

አባ ኤልቪዮ፦ እኔ የማውቃቸው ጳጳሳት ሁሉ በጊዜ ነው የሚተኙት።

አባ ማትዮስ፦ ከቀብር ገና መመለሴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። እስቲ ትንሽ አረፍ ልበል።

አባ ኤልቪዮ፦ ማን ሞተ?

አባ ማትዮስ፦ ትናንት ነግሬዎት ነበር እኮ። ሲኞራ ኢርማ፣ ከታችኛው መንደር። ዳቦ ቤት የነበራት።

አባ ኤልቪዮ፦ ኢርማ? አብረን ነው ፊደል የቆጠርነው። እኔ ስሜን መጻፍ ሳልችል እሷ የኔንም ጽፋ ትሰጠኝ ነበር። አጨበጨቡላት?

አባ ማትዮስ፦ አጨበጨቡ። ሬሳው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መጀመሪያ ልጇ ጀመረ፣ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ሰባት ዓመት ሙሉ አልለመድኩትም። የመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ቀን፣ ባለሥልጣን መጣ ብዬ ወደ በሩ ዞሬ ነበር የቆምኩት።

አባ ኤልቪዮ፦ ዛሬስ አለቀስክ?

አባ ማትዮስ፦ ትቼዋለሁ። ሳለቅስ ቤተ ዘመዱ ይደነግጣል። «አባ፣ ያውቋት ነበር እንዴ?» ይሉኛል። አላውቃትም ስል የበለጠ ይደነግጣሉ።

አባ ኤልቪዮ፦ እኔ ከምባታ የመጀመሪያውን ሰው የቀበርኩ ዕለት፣ ጸሎቴን አሥር ደቂቃ አድርሼ በቅሎዬ ላይ ወጣሁና ሄድኩ። አገሩ ሁሉ ቄሱ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ነበር ብሎ አወራ። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁኝ መጡ።

አባ ማትዮስ፦ ከሟቹ ጋር?

አባ ኤልቪዮ፦ ከልጆቹ ጋር። ሳልጣላ ታረቅኩ። በግ ታረደ፣ በላሁ።

አባ ማትዮስ፦ እኔ ደግሞ እዚህ በመጀመሪያው ቀብር ማግስት ልቅሶ ልቀመጥ ሄድኩ። ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ባልየው ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ «አባ፣ የረሳነው ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። የምፈልገው ነገር ኖሮ፣ አፍሬ ዝም ያልኩ መስሎታል።

አባ ኤልቪዮ፦ አሁን ግን ገብቷቸዋል።

አባ ማትዮስ፦ ሁለት ሦስቱ ገብቷቸዋል። ሲኞራ ሎሬዳና ኬክ ጋግራ አብራኝ ትሄዳለች። እንደኛ አገር እናቶች ዝም ብላ ትቀመጣለች። ባለፈው እኔ ልነሣ ስል «ገና ነው» ብላ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

አባ ኤልቪዮ፦ እና ለሎሬዳና ብለህ ልትቀር ነው?

አባ ማትዮስ፦ እቀራለሁ ያለ ማን ነው?

አባ ኤልቪዮ፦ ታዲያ ለምን አትደውልም? ጳጳስህ ያሉህ ግልጽ ነው። የትውልድ ቁምስናህ ቄስ አጥቷል፤ ለፋሲካ ግባ፣ ካልሆነም እዚያው ቅርና አሳውቀኝ ብለውሃል። እመጣለሁ ወይም አልመጣም። ሁለት ቃል ነው።

አባ ማትዮስ፦ ነገ አራት ቦታ እቀድሳለሁ፣ አባ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ላይኛው መንደር ማሞቂያው ስብከት ሳልጀምር ይጠፋል። መካከለኛው ጋ ሰባት ሴቶች አሉ፤ ሰባቱም በየአግዳሚው ተራርቀው ነው የሚቀመጡት። እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡ ስላቸው «ይሄ የእናቴ ቦታ ነው» ይሉኛል። አንዷን እያየሁ ስሰብክ ሌላዋ ከኋላ ትቀራለች። ስጨርስ ደግሞ አስተማሪ የነበረችው መጥታ የተሳሳትኩትን ጣሊያንኛ ታርመኛለች። በደግነት ነው። በደግነት መታረም ግን ያደክማል።

አባ ኤልቪዮ፦ እኔን ሕፃናት ነበሩ የሚያርሙኝ። ያውም እየሳቁ።

አባ ማትዮስ፦ እሱ ይሻላል። ሰው ቢስቅብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እዚህ የሚስቅብኝ እንኳ የለም። ለፋሲካ ቤት ለቤት እየዞርኩ መባረክ የጀመርኩት ሰኞ ነው። በየቤቱ አንድ አንድ ብስኩት፣ በየቤቱ አንድ መለኪያ አረቄ። እምቢ ካልኩ ይከፋቸዋል። በዚህ መሀል ሐሙስ ዕለት ምን እንዳደረግሁ ያውቃሉ?

አባ ኤልቪዮ፦ ሰከርክ?

አባ ማትዮስ፦ ምነው በሰከርኩ። ከፋርማሲው ጎን ያለውን ቤት አንኳኳሁ። ደገምኩ። ጎረቤቷ በመስኮት ብቅ ብላ «አባ፣ እሷን እኮ በመስከረም ቀብረዋታል» አለችኝ። ራሴው የቀበርኳትን ሴት በር ላይ ጠበል ይዤ ቆሜያለሁ። ይቅርታ እንኳ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

አባ ኤልቪዮ፦ ደክሞሃል፣ ልጄ።

አባ ማትዮስ፦ ደክሞኛል፣ አባ። ጠዋት ስነሣ ደክሞኝ ነው የምነሣው።

አባ ኤልቪዮ፦ እንግዲያው ቤትህ ግባ። እዚያ ሰው ለኑዛዜ ብሎ ግማሽ ቀን በእግሩ ይሄዳል። እዚህ ያሉት መኪና አላቸው።

አባ ማትዮስ፦ መንዳት የሚችሉትን ቀብሬያቸዋለሁ።

አባ ኤልቪዮ፦ ልጆቻቸው ይነዱላቸዋል።

አባ ማትዮስ፦ ልጆቻቸው የሚመጡት ለቀብር ነው። እኔ ከሄድኩ ከአራቱ ቤተ ክርስቲያን ሦስቱ ይዘጋል። የዚህ አገር ጳጳስ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። አምስት ዓመት ጨምርልኝ ብለው ለመኑኝ። ጳጳስ ሲለምን አይተው ያውቃሉ?

አባ ኤልቪዮ፦ አይቼ አላውቅም፤ ብልጥ ናቸው።

አባ ማትዮስ፦ እርስዎስ?

አባ ኤልቪዮ፦ እኔ ምን ሆንኩ?

አባ ማትዮስ፦ እርስዎን ማን ያያል? ጠዋት የምትመጣው ነርስ በጣሊያንኛ ስታናግርዎት አይመልሱላትም። «አባ ኤልቪዮ ተቀይመውኛል እንዴ?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች።

አባ ኤልቪዮ፦ እንደ ሕፃን ነው የምታናግረኝ። «ሾርባችንን ጠጣን?» ትላለች። የምጠጣው እኔ ነኝ፣ እሷ ምን አገባት?

አባ ማትዮስ፦ እኔ ከሄድኩ እዚህ ብቻዎን አይተውዎትም። ሲስተር ክላውዲያ የምታስተዳድረው የአረጋውያን ካህናት ማረፊያ ነው የሚያስገቡዎት። እርስዎ ደግሞ እዚያ ከምገባ ሞቴን እመርጣለሁ ብለው ምለዋል።

አባ ኤልቪዮ፦ ቄስ አይምልም።

አባ ማትዮስ፦ እኔ ፊት ምለዋል፤ በከምባትኛ ሳይቀር።

አባ ኤልቪዮ፦ እንግዲያው ይዘኸኝ ሂድ።

አባ ማትዮስ፦ ይሄን ነገር ጨርሰናል፣ አባ። ሐኪሙ አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ብሏል። ልብዎ አይችልም።

አባ ኤልቪዮ፦ እሱ ልቤን የት ያውቀዋል?

አባ ማትዮስ፦ የልብ ሐኪም እኮ ነው።

አባ ኤልቪዮ፦ የሦስት ወር ሕክምና ነው ብለው አመጡኝ። ጋቢዬን አልጋዬ ላይ ትቼ፣ ሰዎቹን በቅጡ ሳልሰናበት። ይኸው ስድስት ዓመት። መንገድ ላይ ስወጣ ሰላም የምለው ሰው አጣለሁ። በተወለድኩበት መንደር እንግዳ ሆኜ ተቀመጥኩ።

አባ ማትዮስ፦ ይገባኛል።

አባ ኤልቪዮ፦ አንተ ምን ይገባሃል? አንተ አገር አለህ።

አባ ማትዮስ፦ ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ስሄድ እናቴ ምን ያቀረበችልኝ ይመስልዎታል?

አባ ኤልቪዮ፦ ቆጮ በአይብ ነዋ። የእናትህን እጅ አውቀዋለሁ።

አባ ማትዮስ፦ መኮሮኒ።

አባ ኤልቪዮ፦ ምን?

አባ ማትዮስ፦ መኮሮኒ አልኩዎት። የምትሠራ ሴት ከዱራሜ ድረስ አስመጥታ። ሹካ ከጎረቤት ተውሳ፣ የታሸገ ውኃ ገዝታ። ልጄ የፈረንጅ ምግብ ለምዷል፣ የኛ ያመዋል ብላ። እሷና እህቶቼ ጓዳ ውስጥ ቆጯቸውን እየበሉ፣ እኔ ሳሎን ብቻዬን መኮሮኒ። አይሳቁ፣ አባ።

አባ ኤልቪዮ፦ እኔም ቆጮ ስጡኝ አትልም?

አባ ማትዮስ፦ እንዴት ብዬ? በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «ጣፈጠህ?» አለችኝ። ጣፈጠኝ አልኳት። ጨምራ አመጣች።

አባ ኤልቪዮ፦ አቤት።

አባ ማትዮስ፦ እሁድ ዕለት ደግሞ ቀደስኩ። ስብከቴን ጨርሼ ዝም ስል ሕዝቡ ገና ተስተካክሎ መቀመጡ ነበር። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪው ጠጋ ብሎ «አባ፣ አመምዎት እንዴ?» አለኝ። ለካ የሰበክሁት የዚህን አገር ያህል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲከበኝ፣ አንዱ እጄን ሲይዝ አንዱ ነጠላዬን ሲጎትት፣ ዞር በሉልኝ ማለት አማረኝ። በዚያች ሰዓት ራሴን ጠላሁት።

አባ ኤልቪዮ፦ እንደሱ በለኝ እንጂ። ፈርተሃል።

አባ ማትዮስ፦ ፈርቻለሁ። እዚህ እንግዳ መሆኔ አይገርመኝም፣ ሰው አገር ነው። እዚያ ሄጄ እንግዳ ስሆን ግን የት ልገባ ነው? እዚህ ሲደክመኝ አገር አለኝ እላለሁ። አገሬ ገብቼ ከደከመኝ ምን እላለሁ?

አባ ኤልቪዮ፦ ለጳጳስህ ይሄንኑ ነው የምትነግራቸው?

አባ ማትዮስ፦ አይደለም።

አባ ኤልቪዮ፦ ምን ልትላቸው አስበሃል?

አባ ማትዮስ፦ አባ ኤልቪዮ ከኔ ሌላ ሰው የላቸውም፣ ትቻቸው መምጣት አልችልም እላቸዋለሁ። ይረዱኛል። አገሩ ሁሉ ይረዳኛል፤ ግማሹን ያጠመቁት እርስዎ ነዎት። እኔንም ጭምር።

አባ ኤልቪዮ፦ ያምራል።

አባ ማትዮስ፦ ውሸት አይደለም እኮ።

አባ ኤልቪዮ፦ ውሸት ቢሆንማ እንዲህ አያምርም ነበር።

አባ ማትዮስ፦ እርስዎስ አርባ ዓመት ሙሉ አልተቀመጡም? ከነወባው፣ ከነጭቃው። አንድ ቀን ልመለስ አላሉም። እዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ፎቶዎ ተሰቅሏል። እኔም እንደርስዎ ሰው አገር ብቀመጥ ምን ክፋት አለው?

አባ ኤልቪዮ፦ አንድ ቀን ልመለስ አላለም ያለህ ማን ነው? በየቀኑ ነበር የምለው። ሲዘንብ እላለሁ፣ ሲያባራ እላለሁ።

አባ ማትዮስ፦ ታዲያ ለምን አልተመለሱም?

አባ ኤልቪዮ፦ ና ያለኝ የለማ። እናቴ ሞታለች፣ እዚህ ያኔ ቄስ ሞልቷል፣ የሚፈልገኝ አልነበረም። በሦስተኛው ዓመት አንድ ሰው «ኤልቪዮ፣ ና» ቢለኝ ኖሮ በቅሎዬን ሸጬ እስከ ሻሸመኔ በሩጫ ነበር የምወርደው። አልጠሩኝም፣ ቀረሁ። ውዬ አድሬ ለመድኳቸው፣ ኋላም ወደድኳቸው። የጀግናው ታሪክ ይኸው ነው።

አባ ማትዮስ፦ ይሄን ነግረውኝ አያውቁም።

አባ ኤልቪዮ፦ ማን ጠይቆኝ? ፎቶ ነው የሚያነሡኝ። አንተን ግን ጠርተውሃል፣ ማትዮስ። በስምህ ጠርተውሃል። እናትህ መኮሮኒውን አንድ ወር ብታቀርብ ነው፤ ከዚያ ይሰለቻታል። ሰዉም ይጎትትህና ይለምድሃል።

አባ ማትዮስ፦ እርስዎን እዚያ ማረፊያ ውስጥ ከትቼ? አይቻለሁ እኮ። ቴሌቪዥን ፊት በመደዳ ነው የሚያስቀምጧቸው። እኔ መሠዊያ ላይ በቆምኩ ቁጥር የሚታየኝ እሱ ነው የሚሆነው። ሰበብ ብቻ እንዳይመስልዎት፣ አባ። ፍርሃቱ አንድ ነገር ነው፤ እርስዎን መተው ደግሞ ሌላ ነው። እወድዎታለሁ። አልችልም።

አባ ኤልቪዮ፦ ሲስተር ክላውዲያ ቅድም እዚህ ነበረች። አንተ ቀብር ላይ ሳለህ።

አባ ማትዮስ፦ ምን ፈልጋ?

አባ ኤልቪዮ፦ እኔ ነኝ ያስጠራኋት። በጣሊያንኛ ነው ያነጋገርኳት፤ ደንግጣ ወንበር ያዘች።

አባ ማትዮስ፦ ለምን ጉዳይ?

አባ ኤልቪዮ፦ ክፍል አለ ወይ አልኳት። ፀሐይ የሚገባበት አንድ አለ አለችኝ። እሺ አልኳት። ማክሰኞ ይወስዱኛል።

አባ ማትዮስ፦ አባ፣ እንደሱማ አይሆንም። እዚያ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?

አባ ኤልቪዮ፦ ከአንተ ጋር ነዋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከምባታ ትደውልልኛለህ።