ያልታጠነ ጮጮ

በጃንሆይ ጊዜ ከነገሌ ወደ ዋደራ በምትሄድ ላንድሮቨር ተሳፍሬ፣ የወተት ጮጮ ያቀፈች የቦረና ሴት አጠገቧ ከተቀመጠች የወታደር ሚስት ጋር ስታወራ ሰማሁ።

«ምነው ተከፋሽ እህቴ?» አለቻት የወታደሩ ሚስት።

«ጉድጓድ የሚያስቆፍረውን የሆላንድ ፈረንጅ ታውቂዋለሽ? ወተት የሚገዛው ከጎረቤቴ ከሎኮ ነው።»

«የእሷ ወተት ይበልጣል?»

«ኧረ ጮጮዋን እንኳ አታጥንም። በውሃ ለቅለቅ አድርጋ ታልብበታለች። እኔ እናቴ እንዳስተማረችኝ ጥሩ መዓዛ ባለው እንጨት ጭስ አጥኜ ነው የማልበው።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

«የሎኮን ሲጠጣ ዓይኑን ጨፍኖ ‹የእናቴ ቤት› ይላል። የእኔን ቀመሰና ‹ጭስ ጭስ ይላል› ብሎ ወተቱን መለሰልኝ።»

«አገሩ ጮጮ አያጥኑም ይሆናላ።»

«አያጥኑ። ግን በእኔ ደጅ አልፎ ወደዚያች ሰነፍ ሲመላለስ እንቅልፍ አጣሁ። እሷ ደግሞ ‹ፈረንጁ እናቴን ትመስያለሽ አለኝ› እያለች ለሰፈሩ ታወራለች።»

«እንግዲያው አንቺም አታጥኚው።»

«ባለፈው ሞከርኩት። ሳላጥን አልቤ ሰጠሁት።»

«ምን አለ?»

«‹የእናቴ ቤት› አለ።»

«ይኸው አሸነፍሻት።»

«የተረፈውን ባሌ ጠጣና ‹ይህ ከማን ቤት የመጣ ወተት ነው?› ብሎ ፊቱን አጨፈገገ።»

«ምን አልሽው?»

«ከሎኮ ቤት አልኩት።»

«ይሄ ያቀፍሽውስ ለማን ነው?»

«ፈረንጁ ለሥራ ዋደራ ሄዷል። ሎኮ ገና አልሰማችም።»

ሳላስበው ጠጋ ብዬ እቅፏ ላይ ያለውን ጮጮ አሸተትኩ፤ ጭስ ጭስ አይልም።