ስለ ጠፋችው ቀይ ቄብ

የምስክር ስም፦ ወይዘሮ የሺአረግ ሽብሩ
ዕድሜ፦ 41 ዓመት በግምት
ሃይማኖት፦ ኦርቶዶክስ
የትውልድ አገር፦ ሸዋ፣ ቡልጋ
አድራሻ፦ ወለጋ ጠቅላይ ግዛት፣ ነቀምቴ ከተማ፣ ከገበያው በላይ
ቀን፦ ሰኞ ግንቦት 16 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ቀነዓ መርጋ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር እውነቱን ልናገር በሃይማኖቴ ከማልሁ በኋላ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። የተጠራሁት የጎረቤቴ የወይዘሮ ድርቤ ጨመዳ ቀይ ቄብ ስለ ጠፋች፣ እንጨት ፈላጩ ጃራ ነመራም ሰርቋል ተብሎ ከቅዳሜ ጀምሮ ስለ ታሰረ ነው። የማውቀውን እናገራለሁ፤ ነገር ግን ከሥሩ ካልተነሣሁ አይገባችሁም።

ከወይዘሮ ድርቤ ጋር አጥራችን አንድ ነው። እሷ የሚሲዮን ተከታይ ናት፣ እኔ የማርያም ሰው ነኝ፤ ሃይማኖት ግን አጣልቶን አያውቅም። በየማለዳው በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ "አካም ቡልቴ፣ የሺ?" ሳትለኝ ቀኑ አይጀመርም ነበር። ባለፈው ጥቅምት እኔ መታቀፍ የፈለገች ዶሮ ነበረችኝ፣ እንቁላሉን እሷ ሰጠችኝና አስታቀፍሁ። በሰፈራችን ደንብ እንዲህ ሲሆን ጫጩቶቹ ላባ ሲያወጡ እኩል ይከፈላሉ፤ ቀድማ የምትመርጠው የእናት ዶሮዋ ባለቤት ናት።

ስምንት አደጉ። ቀድሜ መረጥሁ። እግራቸው የወፈረውን፣ ደረታቸው የሰፋውን፣ ጥሬ ሲበተን ሌላውን ገፍተው የሚቀድሙትን አራቱን ለቅሜ ወሰድሁ። ለድርቤ ኮሳሶቹ ቀሩላት። እሷም "ይሁን፣ እግዜር ያሳድጋቸው" ብላ በነጠላዋ አቅፋ ሄደች። እኔ በልቤ ሞኝ ናት አልሁ።

ሁዳዴ እንደ ገባ አንዱ ጮኸ። ሁለተኛው ተከተለው። ወይ ጉድ! አራቱም አውራ ሆነው አረፉት። የድርቤ ኮሳሶች ደግሞ አራቱም ቄብ ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ጾም ስለሆነ የኔዎቹ አይታረዱ ነገር፣ እህሌን እየበሉ፣ እርስ በርሳቸው እየተቧቀሱ፣ በጮኹ ቁጥር ሰፈሩን እየረበሹ ሁለት ወር ከረሙ። ድርቤም በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "የሺ፣ እናንተ ቤት ማኅሌት ተቆመ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ለፋሲካ አንዱን አረድሁ። የሷ ቄቦች በዚያው ሰሞን መጣል ጀመሩ። እንቁላሉን በሰፌድ ሞልታ ለሚሲዮኑ ፈረንጆች ትወስዳለች፤ ከዚያ ወዲህ ለማለዳው ሰላምታ ጊዜ አጣች። ለዳግማይ ትንሣኤ ለኛም ቤት ላከች። ባለቤቴ አቶ ሀብተጊዮርጊስ እሱን እየበላ "ሙያ ማለት የድርቤ ነው" አለ። የኔን አውራ በልቶ በጨረሰ በሳምንቱ! ቀናሁ። ለምን እዋሻለሁ?

ቀይዋ ቄብ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከች ወደኔ ግቢ ትመጣ ጀመር። እኔ አልጠራኋትም፤ የጠሯት አውራዎቼ ናቸው። ድርቤ አሁን አንድም አውራ የላትም፣ ታዲያ ወዴት ትሂድ? ከማገዶው ክምር ሥር ትጥል ነበር። እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ አንዱንም አልበላሁባትም። ባለፈው ሐሙስ ተቀመጠችበት፣ አልነሣም አለች። ሸለምጥማጥ እንዳይበላት ብዬ ከነእንቁላሎቿ ወጥ ቤቴ አግብቼ በአሮጌ ቅርጫት አስታቀፍኋት። በሩንም ዘጋሁ።

ጃራን በተመለከተ፣ ቅዳሜ ገበያ ቀይ ዶሮ በብብቱ ይዞ መታየቱ እውነት ነው። ያ ዶሮ ግን የኔ አውራ ነው፤ ለፈለጠልኝ እንጨት በገዛ እጄ የሰጠሁት ነው። ጃራ የልጆች አባት ነው፤ ዛሬውኑ ይፈታ።

አሥር አለቃው "ቄቧ ቤትሽ እያለች ለምን ዝም አልሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስትጠፋባት ከማንም በፊት ወደኔ ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እንደ ድሮው በአጥሩ ላይ "የሺ፣ ዶሮዬን አይተሻል?" ብትለኝ በሩን ከፍቼ አሳያት ነበር። አልመጣችም። በደጄ አልፋ እናንተ ዘንድ ሄደች። ጃራ መታሰሩን ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰማሁ፤ ያኔም እልህ ይዞኝ ዝም አልሁ። እሱ ጥፋቴ ነው፤ ጃራን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ቄቧን ኤግዚቢት ነው ብላችሁ እንዳትወስዷት። አንዴ አንሥቻት በእግዜር ቸርነት ተቀምጣለች፤ ሁለተኛ ከተነካች እንቁላሎቹን ትተዋለች። እስክትፈለፍል እኔ ዘንድ ትቆይ፣ ድርቤም በየማለዳው እየመጣች ትያት። እንቁላሉ የሷ ነው፣ ያለ አውራዎቼ ግን አይፈለፈልምና እኩሌታው የኔ ነው። የእናት ዶሮዋ ባለቤት እሷ ስለሆነች በደንቡ ቀድማ ትምረጥ፤ ይህም ይጻፍልኝ። የትኞቹ እንደሚሻሉ ግን እኔ አልነግራትም።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የጎደለም የተጨመረም የለበትም፣ እውነት ነው ስል የአውራ ጣቴን አሻራ አኑሬአለሁ።

የምስክር አሻራ፦ የሺአረግ ሽብሩ
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ቀነዓ መርጋ (ፊርማ)
ቃሉ ሲነበብ ደርሳ የሰማች ከሳሽ፦ ድርቤ ጨመዳ (ፊርማ)