ጋሽ ዱጉማ ጭፈራ ቤት ሲመርጡ

በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ሰማዩ እየዘነበ ቧንቧው በደረቀበት አንድ ቅዳሜ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ካለው ሮቶ ውሃ ልቀዳ ስሰለፍ ከፊቴ ጋሽ ዱጉማን አገኘኋቸው። ሠላሳ ዓመት በእሳት አደጋ ሠራተኛነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በሰው ጉዳይ ጥልቅ ማለት አመሌ ነውና ፊታቸው መጥቆሩን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ምነው ጋሽ ዱጉማ፣ ደህና አይደሉም?»

«ምን ደህና አለ መምህር! ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ሸዋዓለም ታክሲ ተራ አግኝታ አመሰገነችኝ። ልጇ አዱኛ ባለፈው ቅዳሜ እኛ ቤት ስታጠና ስላደረች! እኛ ቤት መች አደረችና? የኔዋን አያንቱን ብጠይቃት፣ አዱኛ ጭፈራ ቤት ነው ያደረችው አለችኝ። እኔ ግን እናቲቱ ፊት አፌ ተሳስሮ ‹ምንም አይደል› ብዬ መጣሁ። በስተርጅናዬ ውሸታም ሆንኩ!»

ይህን እያሉ ራሷ አያንቱ ሌላ ጄሪካን ይዛ ደረሰች። ሜክሲኮ ካለ አንድ ኮሌጅ በዚያው ሳምንት በነርስነት ተመርቃለች።

«ይባስ ብሎ ይቺ ደግሞ» አሉ ወደ እሷ እያመለከቱ፣ «ለምርቃቷ በሚቀጥለው ቅዳሜ ናይት ክለብ ልሂድ አለችኝ። የዚያ ቦታ ስም በቤቴ አይነሳም ብያታለሁ።»

«አባባ» አለች አያንቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አዱኛ ዋሽታ ሄደች። እኔ እርስዎን ጠየቅሁ። የተከለከልኩት ግን እኔ ነኝ።»

«እና ልትዋሺኝ ነው?»

«አልዋሽም። መጠየቁን ግን የምተው ይመስለኛል።»

ሰልፉ ወደፊት ሄደ፤ ጋሽ ዱጉማ ካሉበት አልተነቃነቁም። እኛ ወላጆች ከከለከልን ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። እኚህ ሰው ግን ልጃቸው የሆዷን መንገር እንዳትተው ፈሩ። አሳዘኑኝ። ሳይፈልጉ ያመለጣቸው በሚመስል ድምፅ ጠየቋት፦

«ለመሆኑ እዚያ ቤት ወንበር አለ?»

«ጥቂት አለ። ብዙው ሰው ቆሞ ነው።»

«ወሬስ?»

«ሙዚቃው ስለሚጮኽ ሰው አይደማመጥም ይላሉ።»

«ታዲያ ሳይቀመጡ፣ ሳይነጋገሩ ለማምሸት ነው ገንዘብ የሚከፈለው?»

አያንቱ ሳቀች። እኔም የልብ ልብ ተሰማኝና «ጋሽ ዱጉማ፣ ሳናየው ከምናወግዘው አሁን በቀን ሄደን ብናየውስ? የዘንድሮ ወጣት መዝናናቱ አይቀርም። አብረን ብንመርጥላቸው አይሻልም?» አልኳቸው።

«እኔ? ናይት ክለብ?»

«እሳት ሲነሳ ገብተው አያውቁም?»

«ያማ ሥራ ነው!»

«ይሄም ሥራ ነው» አልኳቸው። ጄሪካኖቹን ቤት አስቀምጠን ሦስታችንም ወጣን።

የአያንቱ አንደኛ ምርጫ ሜክሲኮ አካባቢ ምድር ቤት ውስጥ ያለ ነበር። «ዲጄው የሚገርም ነው፤ መብራቱ ራሱ ለብቻው ነው» አለችን። በቀን ሲታይ ግን ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፤ ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። ጋሽ ዱጉማ መብራቱን ዞር ብለውም አላዩት። ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ሄዱና የጓሮውን በር አገኙት። በቢራ ሳጥን ታጥሯል፤ ከሳጥኑ ጀርባ ደግሞ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

«ቁልፉ የታለ?» አሉ ጥበቃውን።

«ባለቤቱ ጋ ነው አባቴ። ሰው ሳይከፍል በጓሮ እንዳይገባ ነው።»

«ቅዳሜ ስንት ሰው ይገባል?»

«እስከ ሦስት መቶ።»

ጋሽ ዱጉማ ወደ ደረጃው ተመልሰው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ግራና ቀኙን ግድግዳ ነኩ።

«ልጄ፣ መብራቱ ቢጠፋና ጭስ ቢሞላ በየት ትወጫለሽ?»

አያንቱ ጠባቡን ደረጃ ቀና ብላ አየችው። «ስለ ዲጄው ያልጠየቅሁት ሰው የለም» አለች። «ስለ በሩ ግን ማንንም አልጠየቅሁም።»

ሁለተኛው ሰንጋ ተራ ነው። ዲጄውን የሚያደንቅ ብዙም የለም። ወይዘሮ ቀመሪያ የተባሉ የጽዳት ሠራተኛ ባልዲያቸውን እንደያዙ የጓሮውን በር በትከሻቸው ገፋ ሲያደርጉት ወደ ሰፊ ግቢ ተከፈተ። ጋሽ ዱጉማ ራሳቸው ሦስት ጊዜ ከፈቱት፣ ሦስት ጊዜ ዘጉት። ከዚያ ጥያቄው አላልቅ አለ። ጭሱ በየት ይወጣል? ሴቶቹን ሌሊት ቤታቸው ማን ያደርሳቸዋል?

«እኛን በመኪና ያደርሱናል። እንግዳ ግን የሚያውቀውን ታክሲ ቀድሞ ቢያነጋግር ይሻለዋል» አሉ ወይዘሮ ቀመሪያ።

ስንመለስ ጋሽ ዱጉማ መንገድ ላይ ቆሙ። «ወደዚህኛው ሂጂ፤ ታክሲውን እኔ አነጋግራለሁ። አዱኛ ግን ለእናቷ እውነቱን ትንገራት። እኔም ለወይዘሮ ሸዋዓለም መዋሸቴን ነግሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቤቴ የማንም መደበቂያ አይሆንም።»

አያንቱ በቀጠሮው ቅዳሜ ሄዳ ባለችው ሰዓት ተመለሰች። አባት ልጃቸው የት እንዳለች አውቀው አመሹ፤ ልጅም ሳትሳቀቅ ተጫወተች። ከዚያ ወዲህ የትም ስትገባ መጀመሪያ የምታየው መውጫውን ነው። አብሮ መምረጥ ላመጣው ጥቅም እኔ ጎረቤታቸው ምስክር ነኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሽ ዱጉማ ቤት ተቀምጬ ሳለ ወይዘሮ ሸዋዓለም እያለከለኩ አራተኛ ፎቅ ደረሱ።

«ጋሽ ዱጉማ፣ አዱኛ ልደቷን ጭፈራ ቤት ልታከብር ነው። ያ በሩ ደህና ነው ያሉት ቤት የትኛው ነው?»

«መጀመሪያ ይሄን ንገሪኝ። ጭፈራ ቤት እንደምትሄድ ማን ነገረሽ?»

ወይዘሮ ሸዋዓለም ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ራሷ ጠየቀችኝ።»

ጋሽ ዱጉማ ተነስተው ወንበር ሳቡላቸው።