ህሊና የጻፈችው ተራ አስከባሪ

(ከምሳ በኋላ፣ በአንድ የኮምፒውተር ምርምር ማዕከል፤ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ትርሲትና የከርነሉ፣ ማለትም የማሽኑን ሥራ ከውስጥ የሚመራው ዋና ፕሮግራም፣ ነዳፊ ናሁሰናይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ የናሁሰናይ ሚስት፣ የትርሲት ታናሽ እህት ህሊና፣ ካረፈች ስምንት ወር ሆኗታል።)

ትርሲት፦ አይሆንም ናሁ፣ ያ ክፍል መውጣት አለበት።

ናሁሰናይ፦ የቱ?

ትርሲት፦ የቱ እንደሆነማ ታውቃለህ። ህሊና የጻፈችው። ፕሮሰሰሮቹን ተራ የሚያስይዘው፣ ተራ አስከባሪው።

ናሁሰናይ፦ ይሠራል እኮ።

ትርሲት፦ አሮጌው ማሽን ላይ! አንድ ፕሮሰሰር ብቻውን ከማን ጋር ይጋፋል? ትናንት አራት ፕሮሰሰር ያለውን አስነሣሁት። ስንት ደቂቃ ሠርቶ የቆመ ይመስልሃል?

ናሁሰናይ፦ አሥራ አንድ።

ትርሲት፦ ታውቅ ነበር?

ናሁሰናይ፦ አንዳንዴ ዘጠኝ ነው። አንዱ ፕሮሰሰር «አንተ ቅደም» ይላል፣ ሌላውም «ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም» ይላል። ሁለቱም በር ላይ እንደቆሙ ይቀራሉ።

ትርሲት፦ ትቀልዳለህ?

ናሁሰናይ፦ አልቀለድኩም። የሚሆነው እሱ ነው።

ትርሲት፦ ማሽኖቹን የሚወስደው መኪና ሐሙስ ይወጣል። አሥራ አራት የወንዝ ውኃ መለኪያ ጣቢያ እየጠበቀን ነው። ማሽኖቹ ከየአገሩ በእርዳታ የመጡ ናቸው፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። «ሁሉም ላይ የሚነሣ፣ ሁሉንም በኔትወርክ የሚያነጋግር አንድ ከርነል እንሠራለን» ብለን የፈረምነው እኛው ነን። ላይኛው ጣቢያ ውኃው መሙላቱን ለታችኛው ካልነገረው፣ ክረምት ሲገባ እዚያ ያለው ሰው ከነቤቱ ይወሰዳል።

ናሁሰናይ፦ አውቃለሁ።

ትርሲት፦ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።» ስምንት ወር ሙሉ ሌላ ቃል ከአፍህ አልወጣም።

ናሁሰናይ፦ ምን ልበል?

ትርሲት፦ ተቆጣኛ! «የሚስቴን ሥራ አትንኪ» በለኝ። አልቅስ። እኔ ምን አውቃለሁ!

ናሁሰናይ፦ አንቺ አልቅሰሻል?

ትርሲት፦ እኔ ሥራ አለብኝ።

ናሁሰናይ፦ እሺ።

ትርሲት፦ እሺ አትበለኝ። የእሷ ስለሆነ መንካቱ ከብዶሃል፣ ይገባኛል። እኔም እህቴ ናት። ግን አንተ ካልቻልክ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።

ናሁሰናይ፦ ሌላ ሰው አያስፈልግም።

ትርሲት፦ ታዲያ መቼ ልትጀምር ነው?

ናሁሰናይ፦ ጨርሻለሁ።

ትርሲት፦ ምኑን?

ናሁሰናይ፦ አዲሱን። ማሽኑን በቀጥታ የሚነካውን ነገር ሁሉ ሰብስቤ ለብቻው አደረግኩት፤ ማሽን ሲለወጥ የሚለወጠው እሱ ብቻ ነው። ተራውን ደግሞ እንደ ባንክ ቤት በቁጥር አደረግኩት። የመጣ ቁጥሩን ይወስዳል፣ ሲጠራ ይገባል። መግደርደር የለም።

ትርሲት፦ ሞክረኸዋል?

ናሁሰናይ፦ በሁሉም ዓይነት ማሽን ላይ። ሥራ ላይ እያለ ኔትወርኩን ነቅዬበታለሁ። መልሼ ስሰካው ካቆመበት ቀጠለ።

ትርሲት፦ እና እኔን እዚህ ታስለፈልፈኛለህ? መቼ ነው የጻፍከው?

ናሁሰናይ፦ እሱን እንዳትጠይቂኝ ብዬ ነው ያላስረከብኩት። ሐሙስ ሳይደርስ ግን እሰጥሽ ነበር።

ትርሲት፦ ናሁ፣ መቼ?

ናሁሰናይ፦ በሠልስቷ ቀን። ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሰው ይመጣል፣ «እግዜር ያጽናህ» ይለኛል፣ ይቀመጣል። አንቺ ንፍሮ ታዞሪያለሽ። እጄን ሳየው የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ተነሥቼ ጓዳ ገባሁና ላፕቶፗን ከፈትኩ። ስህተቱ ወዲያው ታየኝ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና እንኳ ስትፈልገው የከረመችው ስህተት፣ ቁልጭ ብሎ። ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ጽፌ ጨረስኩት። ተመልሼ ቦታዬ ተቀመጥኩ። መነሣቴን ያየ የለም።

ትርሲት፦ እኔ አይቻለሁ።

ናሁሰናይ፦ ምን አየሽ?

ትርሲት፦ ጓዳ ስትገባ ተከትዬህ ነበር። ስትጽፍ ድምፁ ይሰማኛል። ለእሷ የሆነ ነገር የምትጽፍላት መሰለኝ። ሰው እንዳይገባብህ በሩ ላይ ቆምኩ። ለመጣው ሁሉ «ተዉት፣ እያለቀሰ ነው» እላለሁ።

ናሁሰናይ፦ አላለቀስኩም።

ትርሲት፦ አሁን ገባኝ።

ናሁሰናይ፦ ያን ቀንም፣ እስካሁንም። እንዲያውም ሲሠራልኝ ደስ አለኝ፣ ለአንድ አፍታ። «ህሊና፣ ነይ እዪው» ልል አፌን ከፈትኩ።

ትርሲት፦ አልካት?

ናሁሰናይ፦ ስሟን ብቻ።

ትርሲት፦ አሳየኝ እስቲ።

ናሁሰናይ፦ ይኸው። በግራ ያለው የእሷ ነው፣ በቀኝ ያለው አዲሱ። ይሄን ስትጫኚ የእሷ ይወጣል። አራት መቶ ሰባ መስመር ነው። አንቺ ጫኚው፤ ማጽደቅ ያለበት ኃላፊ ነው።

ትርሲት፦ ይሄ ከላይ ያለው ምንድን ነው? «እዚህ ጋ ትርሲት ትቆጣለች፣ ግን ለጊዜው ይሁን» ይላል።

ናሁሰናይ፦ ማስታወሻዋ ነው። ኮዱ መሀል እንዲህ እየጻፈች ነበር የምትሠራው። ብዙ አለ። አብሮ ይወጣል።

ትርሲት፦ ዛሬ ማክሰኞ ነው አይደል?

ናሁሰናይ፦ አዎ። አዲሱን ማሽኖቹ ላይ ለመጫን ግማሽ ቀን ይበቃናል።

ትርሲት፦ እንግዲያው እስከ ነገ ትቆይልኝ።